ክዳኑ ሥር የነበረው ፌስታል

ሙያ ያስተማረኝን ሰው ድሮ አንቱ ነበር የምለው፤ በፊቱም ሆነ በሌለበት። አሁን ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ እሱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ነውር ነው የሚል ይኖራል። ይበል። መጀመሪያ ሰምቶኝ ከዚያ ይፍረድ።

እኔ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ከሱ ጋራዥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከተማው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው። ኮቱ አንገት ላይ የተሰካች መርፌ አትጠፋም። የወፍጮ ሞተር ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በአካባቢያችን የለም፤ ይህንን ዛሬ ተናድጄ እንኳ አልክድም። ሆመቾ ወፍጮ ቆመ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው፤ ሺንሺቾ ቆመ ሲባልም እሱ ነው። ሴቶቹ እህላቸውን አህያ ላይ ጭነው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲጠብቁ እኛ በአይሱዙ ጋቢና ተጠጋግተን እንደርሳለን። "ጋሼ መጡ! ጋሼ መጡ!" ይባላል። እኔ የዕቃ ሳጥኑን ተሸክሜ ከኋላው ስከተል ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የናፍጣ ሞተር ምስኪን ፍጥረት ነው። ንጹህ ናፍጣ ካገኘና በመስመሩ አየር ካልገባበት ዓመት ከዓመት ይሠራል። ስለዚህ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው እንደ ሕፃን ሆዱ ነው፤ ምን በላ? እንዴት በላ? ጋሼም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ያስፈታኛል፤ አጥቤ እመልሳለሁ። ከናፍጣ ታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ያስነፋኛል። ከዚያ ናፍጣ ገፊው ፖምፓ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልቼ፣ ናፍጣውን በእጅ እየገፋሁ፣ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ አየሩን አስወጣለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ናፍጣ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያዘኛል። "ሂድ እስኪ ሻይ አዘህልኝ ና።" ወይም "አሥራ ሰባት ቁልፍ ከመኪናው አምጣ" ይላል፤ ቁልፉ አጠገቡ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ። ስመለስ ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

"ምን አድርገውት ነው ጋሼ?" እለዋለሁ።

"ሙያ በልብ ነው" ይለኛል፤ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ምኑ ነበር የሚያስቀኝ?

በስምንተኛው ዓመት ራሴን ልቻል ብዬ ተለየሁት። አልከፋውም፤ መርቆ ነው የሸኘኝ። "ሲቸግርህ ና" አለኝ፤ እኔም በየወሩ እየቸገረኝ እሄድ ነበር። የጠገንኩት ሞተር ሁለት ሦስት ሳምንት ሠርቶ ይቆማል፤ ሰዎቹ ያኮርፉኛል፤ እኔ ጋሼን ይዤ እመለሳለሁ፤ እሱ ያስነሳዋል። ሰዉም "የጋሼ ልጅ" ይለኛል እንጂ መካኒክ ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። እጄ አይባረክም ማለት ነው ብዬ ስንቱን ቀን በራሴ አዘንኩ።

ከጊምቢቹ ወደ ቆላው ሲወረድ አንድ ግድብ ያቆረው ሐይቅ አለ። ድሮ ወንዝ ነበር፤ ሽማግሌዎች በበጋ በእግራችን እንሻገረው ነበር ይላሉ። አሁን ማዶ ገበያ የሚሄድ ሰው በጀልባ ነው የሚሻገረው። እዚያ አምስት ሆነው ተደራጅተው መንገደኛ በጀልባ የሚያሻግሩ ሰዎች መካኒክ እንፈልጋለን ሲሉ ሰማሁና ወረድኩ። ሞተሯ አነስተኛ ናት፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ፣ የወፍጮ ሞተር ታናሽ እህት በሏት። የጋሼ ስም ሳይነሳ በራሴ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር። ባለጀልባዎቹም ነገሩን አልሸፋፈኑም፤ "ወፍጮ ቢቆም ሰው ቤቱ ይገባል። ሐይቅ መሀል የሚቆም ሞተር ግን አንፈልግም፤ ከቆመ ሥራህም ይቆማል" አሉኝ። እሺ አልኩ። በሆዴ ግን ይህችን ጀልባ ካላቃናሁ ሙያው የእኔ አይደለም፣ ጥዬው ወደ እርሻ እመለሳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለው፤ ውሃው ይረጫል። የናፍጣው ታንከር ክዳን አናቱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለችው። የወፍጮዎቹም ክዳን ላይ አለች። አንድ ጊዜ ጋሼን "ይቺ ምንድን ናት?" ብዬ ጠይቄው "ክዳኗ እንዳትጠፋ ሰንሰለት የሚታሰርባት ናት" ብሎኝ ነበር። እንግዲህ በሰንሰለት ማሰሪያ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ሞተሬን ለምን ይግደልብኝ? እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ፌስታል ቀደድኩ፣ እጥፍ አድርጌ የታንከሩ አፍ ላይ ዘረጋሁ፣ ክዳኑን በላዩ አጥብቄ ዘጋሁ። ዘይት ሲላክ፣ ማር ሲላክ፣ ከማደያ ናፍጣ በጀሪካን ሲመጣ ክዳን ሥር ፌስታል የማያደርግ ማን አለ? ባለቤቴ የውሃ ጀሪካን እንኳ ያለ ፌስታል አትዘጋም። ሥራዬን ሳየው ኮራሁ።

መጀመሪያ ቀን ከዳር ተነስተን ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን የሞተሯ ድምፅ ይዋዥቅ ጀመር። ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ እንደ ደከመ ሰው ተነፈሰችና ዝም አለች። በመቅዘፊያ ተመለስን። ዳር ላይ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ናፍጣው ጎድሎ እንዳይሆን ክዳኑን ከፍቼ ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ፌስታሌን መልሼ ዘጋሁ። ተነሳች! ሩብ ሰዓት ሄደች፤ ቆመች። በማግስቱ ቱቦውን በአዲስ ለወጥኩ። ተነሳች፤ ቆመች። ከታንከሩ ሥር ናፍጣ ቀድቼ በጠርሙስ አስቀምጬ ውሃ እንዳለው አየሁ፤ ጠብታ ውሃ የለም። የቱቦውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ የሚተነፍስ የለም። እንደገና ፊልትሮ ቀየርኩ።

ጀልባዋን የሚነዳው ሰው የሶሮ ሰው ነው፤ ቀልደኛ፣ ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩያ። "አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ፊልትሮ ልታገባት ነው እንዴ?" ይለኛል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።" እኔ ፊልትሮዬን መፍታቴን ቀጠልኩ።

ጨነቀኝ። ሐይቁ ዳር ኔትወርክ የለም፤ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሩብ ሰዓት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ክዳኑን ከፍቼ ናፍጣ ጨምሬ አየር ሳስወጣ ትነሳለች አልኩት። ይህንን በዚህ ቃል ነው የነገርኩት፤ ለመካኒክ ከዚህ በላይ ምን ይነገራል?

"ኖዝሏን ፈትተህ አምጣልኝ" አለኝ።

ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ውስጥ የምትረጨውን ኖዝል በጨርቅ ጠቅልዬ ሆሳዕና ሄድኩ። ፈተሻት፣ አጠባት፣ "እሷ ናት የበላችህ" አለኝ። ወስጄ ገጠምኩ። ያው ናት! ቆመች። እንደገና ደወልኩ፤ ወላሂ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። "ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ይምጡልኝ። ሰዎቹ ሊያባርሩኝ ነው። ስሜ ጠፋ።" እሺ አለኝና ከሁለት ቀን በኋላ መጣ።

በዚያ ዕድሜው ያንን ቁልቁለት ወርዶ ሲመጣ ሳየው አንጀቴን በላው። ጀልባዋ ላይ ወጣ፣ ሞተሯን በእጁ ዳሰሰ፣ ቱቦውን ተከትሎ ታንከሩ ድረስ ሄደ፤ ክዳኑን አየው። ከዚያ ወደኔ ዞረና "ጉሮሮዬ ደረቀ ልጄ፤ ላይ ካለው ሱቅ የታሸገ ውሃ አምጣልኝ" አለኝ። ሱቁ ኮረብታው ላይ ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይሆናል። እየሮጥኩ ሄድኩ። ስመለስ ሞተሯ እየሠራች ነው፤ እሱ ከግራሩ ሥር ተቀምጧል። "ኖዝሏን በደንብ አላጠበቅካትም ነበር፤ አሁን በቃ፣ አጥፋት፣ አታልፋት" አለኝ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። "አይዞህ" አለኝ። ባለጀልባዎቹ ሙክት ካላረድን ብለው ነበር፤ እምቢ ብሎ ሄደ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ጀልባዋ ጢም ብላ ሞላች። ቅቤ የያዙ ሴቶች፣ ዶሮ የያዙ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከባለጀልባዎቹም አንዱ። እኔ ሞተሯ አጠገብ ተቀምጬ ድምፅዋን እየሰማሁ በልቤ አላህን እለምን ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ዋዠቀ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ዝም።

ነፋሱ ተነስቶ ነበር። ሐይቁ የዋጣቸው ዛፎች ደርቀው ጫፋቸው ከውሃው በላይ የቆመበት ቦታ አለ፤ ነፋሱ የሚገፋን ወደዚያ ነው። ጀልባ እዚያ ውስጥ ከገባች ወይ ትቀደዳለች ወይ ትገለበጣለች። ነጂው ቀልዱን ትቶ መቅዘፊያውን አነሳ። እናትየዋ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አሰረች፤ ዋና እንደማትችል ፊቷ ይናገራል። አንዷ ሴትዮ በሃዲይኛ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው "ዝም በሉ፣ ጸልዩ" ይላል። ባለጀልባው ግን እኔ ላይ ነበር የጮኸው፤ "መካኒክ ነኝ ትላለህ! ዛሬ በሰላም ከደረስን ሁለተኛ እዚህች ጀልባ ላይ እንዳላይህ!"

ብሎኗን አላላሁ፣ ናፍጣውን በእጅ ገፋሁ። ምንም። እንደገና ገፋሁ። ባዶ! ጠብታ ናፍጣ አይመጣም። አለቀ እንዴ ብዬ ክዳኑን ፈታሁት፤ ፈትቼ ሳልጨርስ "ፉሽሽ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ታንከሩ አየር ሲስብ። አየሁት። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተስቦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። ናፍጣው ግን ግማሽ ድረስ አለ።

ክው አልኩ። ከታንከሩ ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። የዘይት ቆርቆሮ ስንከፍት ሁለት ቦታ የምንበሳው ለምንድን ነው? አንዱ ብቻ ከሆነ ዘይቱ እምቢ ይላላ! ይህንን የማያውቅ ሕፃን የለም። ያቺ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ የሞተሯ መተንፈሻ ነበረች፤ እኔ አፍኛት ኖሯል። ዳር በደረስን ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ ናፍጣ ስጨምር ትተነፍሳለች፤ እኔ ፊልትሮው አዳናት እላለሁ።

ፌስታሉን ቦጭቄ ኪሴ ከተትኩ፣ ክዳኑን ጣል አደረግሁበት፣ አየሩን አስወጣሁ። ናፍጣው ያለ አረፋ ጥርት ብሎ መጣ። ተነሳች! ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው እስኪቆጠር ቀርበን ነበር። ነጂው መሪውን ጠመዘዘ፤ ከዚያ ማዶ እስክንደርስ አንድ ጊዜ እንኳ አልዋዠቀችም።

ሰው ወርዶ ሲያበቃ ፌስታሉን አውጥቼ ለነጂው አሳየሁት። ሳቄ መጣ፤ የፍርሃት ሳቅ ነው መሰለኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ? በገዛ እጄ ነው ያፈንኳት" አልኩት።

"እንዴ" አለኝ፣ ገመዱን እያሰረ፣ ምንም ሳይመስለው፣ "ጋሼም እኮ አንተ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ መጀመሪያ ያነሱት እሱን ነው። አንስተው አስነሷት። በኋላ አንተ ቁልቁል ስትመጣ ሲያዩ መልሰው አደረጉትና ዘጉት። 'ለምን?' ብላቸው 'ውሃ እንዳይገባ ነው' አሉኝ።"

"መልሰው?"

"አዎ። እንዲያውም አንተ ካደረግከው አጥብቀው።"

ዳሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ስምንት ዓመት እንዳለ ፊቴ መጣ። ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት ብናኝ ሁሉንም ነገር ይሸፍናል፤ ናፍጣ ከነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ይደርቃል። ያቺን ቀዳዳ ይደፍናታል። ጋሼ ፊልትሮ የሚያስፈታኝ፣ ቱቦ የሚያስነፋኝ፣ እስከ ክርኔ ናፍጣ ውስጥ የሚነክረኝ እንዲያው ለታይታ ኖሯል። ሻይ ልኮኝ ኮቱ አንገት ላይ የሚሰካትን መርፌ ይመዛል፣ ቀዳዳዋን ወጋ ያደርጋል፤ አለቀ። ያቺን መርፌ የኮቴ ቁልፍ ቢበጠስ ብዬ ነው ይል ነበር! እኔ ያስነሳኋቸው ሞተሮች ከሳምንታት በኋላ ለምን እንደሚቆሙ አሁን ገባኝ። እጄ የማይባረክ አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን ፈረሱ ሲጥለኝ ስምንት ዓመት ሙሉ ምስጋና ነው ያቀረብኩለት።

መደበቁንስ ይሁን። ደብቆ የሚያስተምር ባለሙያ በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ አንዷን ነገር ለራስ ማስቀረት እንደ ደንብ ነው የሚታየው። ግን መልሶ መዝጋት? ውሃ ላይ? ያቺ እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ስታስር ማን ነበር ያሳሰራት?

በማግስቱ ሆሳዕና ገባሁ። ጋራዡ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ፌስታሉን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። አየው። ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ አልደነገጠም።

"አገኘኸው?" አለኝ።

"መልሰው ዘጉት!" አልኩ። ያን ያህል ተናድጄ እንኳ አፌ አንተ ማለት አልቻለም። "ሰው ቢያልቅ ኖሮስ? ሕፃን ነበረበት!"

"ዳር ላይ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ መሀል ድረስ ትሄዳለች አላልኩም" አለ። አይኑን ግን ወደ መንገዱ መለሰ። ውሸቱን ነው፤ ሩብ ሰዓት ትሄዳለች ብዬ በስልክ ነግሬዋለሁ።

"ምን አደረግሁዎት ጋሼ? ምን በደልኩ?"

ከመንገዱ ማዶ ያለውን ትልቅ ጋራዥ በአገጩ አሳየኝ። "ከአንተ በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ያ ጋራዥ የሱ ነው። ምንም ሳልደብቅ ጨርሼ ነው ያስተማርኩት። ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።" ፌስታሉን አጣጥፎ መለሰልኝ። "አንተ ግን በየወሩ ትመጣለህ። ሻይ እንጠጣለን፣ እናወራለን። ቤቴን የሚያንኳኳ ሌላ ማን አለ? እስኪ ንገረኝ፣ ሞተርህ ባይቆም ትመጣ ነበር?"

"እንዴታ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አጠገባችን ያለ ሰው ዞሮ እስኪያየን።

"እናያለን" አለኝ።

ጀልባዋ ላይ ሥራዬን አልተነጠቅሁም። ባለጀልባው ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዛሬ ጊምቢቹም ሆመቾም በስሜ ነው የምጠራው፤ ያስነሳሁት ሞተር ተመልሶ አይቆምም። የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ አገኘሁት። እሱ ጋ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ባለቤቴ "ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ሄደህ ጠይቀው" ትለኛለች። ምን ብዬ? ንዴቴ አልወጣልኝም፤ እናትየዋ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይቅር ብያለሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ዕቃ ልገዛ ገብቼ በባጃጅ በዚያ በኩል አለፍኩ። በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል። አወቀኝና እጁን አነሳ። የባጃጁ ልጅ "ልቁም እንዴ?" ብሎ ዞሮ አየኝ።

"ንዳው" አልኩት።